ደንበኛው «ምጣድ» ይላል፣ ገጻችሁ «መገልገያ» ይላል፦ ኪወርድ እንዴት ነው የሚሠራው?

እንበልና የኤሌክትሪክ ምጣድ ትሸጣላችሁ። ዌብሳይትም አሠርታችኋል። የፊት ገጹ ላይ በትልልቁ «ዘመናዊና ኃይል ቆጣቢ የቤት ውስጥ መገልገያዎች አቅራቢ» ተብሎ ተጽፏል። አባባሉ ያምራል። ግን ስልኩን አውጥቶ ጎግል ላይ «ኃይል ቆጣቢ የቤት ውስጥ መገልገያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታውቃላችሁ? ሰው የሚጽፈው «የምጣድ ዋጋ» ብሎ ነው። «ምጣድ» የሚለው ቃል ደግሞ እናንተ ገጽ ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ፖስተር ላይ፣ በፎቶ መልክ።

የኪወርድ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን ገጽ ላይ እየተደጋገመ ሲጻፍ አንደኛ የሚያወጣ አስማት አድርጎ ነው የሚያስበው። «መቶ ኪወርድ እናስገባላችኋለን» የሚለው ማስታወቂያም ነገሩን አባብሶታል። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ኪወርድ ሲባል በትክክል ምንድን ነው?

ኪወርድ፣ ወይም ቁልፍ ቃል፣ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የሚጽፈው ነገር ነው። «ቃል» ስለተባለ አንድ ቃል ብቻ መሆን የለበትም። «ምጣድ» ኪወርድ ነው፣ «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ በአዲስ አበባ» ኪወርድ ነው፣ «አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል» የሚለው ሙሉ ጥያቄም ኪወርድ ነው። ኤስኢኦ የሚሉት ደግሞ ገጻችሁ እንደ ጎግልና ቢንግ ባሉ መፈለጊያዎች ላይ በቀላሉ እንዲገኝ የምታደርጉት ሥራ በሙሉ ነው። ኪወርድ የዚህ ሥራ አንዱ ክፍል ነው፣ ሁሉም አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኪወርዱን የሚፈጥረው ፈላጊው ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምትወስኑት ነገር አይደለም፤ የእናንተ ሥራ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ማወቅና ገጹን በዚያ ቋንቋ መጻፍ ነው።

ጎግል ገጼን የሚያገኘው እንዴት ነው?

መርካቶን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር የኖረ አንድ ደላላ አስቡ። እያንዳንዱ ሱቅ እየገባ ያየውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። አጻጻፉ ግን በሱቅ ስም ሳይሆን በዕቃ ስም ነው፦ «ምጣድ» ይልና ከሥሩ ምጣድ ያለባቸውን ሱቆች ይዘረዝራል፣ «ሰፌድ» ይልና እንደዚሁ። እናንተ «ምጣድ የት አለ?» ስትሉት መርካቶን እንደ አዲስ ለመዞር አይሮጥም። ደብተሩን ይከፍታል፣ በቃ።

ጎግልም እንዲህ ነው። ሮቦት የሚሉት ፕሮግራሙ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለለ ገጾችን ያነባል፣ ያነበበውን በየቃሉ ከፋፍሎ ኢንዴክስ የሚባል ግዙፍ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ሰው ሲጠይቅ የሚታየው ያ መዝገብ ነው እንጂ ኢንተርኔቱ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ገጻችሁ ላይ በጽሑፍ መልክ ከሌለ መዝገቡ ውስጥ ከ«ምጣድ» ሥር የመግባት ዕድላችሁን ራሳችሁ አጠበባችሁት ማለት ነው።

መመዝገብ ግን አንድ ነገር ነው፣ ከፊት መውጣት ሌላ። ምጣድ የሚሉ እልፍ ገጾች ካሉ ማን ይቅደም? ጎግል በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠረት ከሌሎቹ የለየው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። መሥራቾቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የሠሩት ዘዴ ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን ብቻ አያይም፤ ስንት ሌሎች ገጾች ወደ እሱ ሊንክ እንዳደረጉና እነዚያ ራሳቸው ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ያያል። ዛሬ ከሊንክ ሌላ ብዙ ሌላ ነገር ይታያል፦ የገጹ ጥራት፣ ፈላጊው ያለበት ቦታ፣ መረጃው ወቅታዊ መሆኑ፣ ስልክ ላይ በደንብ መከፈቱ። ቃሉ በር ላይ ያደርሳችኋል። ከበሩ በኋላ ያለው ሌላ ሥራ ነው።

ታዲያ ቃሉን ሃምሳ ጊዜ ብጽፈውስ?

አንድ ሰሞን ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አልታቪስታ የተባለው መፈለጊያ በነገሠበት ዘመን፣ መፈለጊያዎች በአብዛኛው ገጹ ላይ ያለውን ቃል ነበር የሚያምኑት። ሰውም ይህን ሲያውቅ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ደጋገመ። አንዳንዱማ ብልጥ ሆኖ ነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈው፤ አንባቢው አያየውም፣ ሮቦቱ ግን ያነበዋል።

ያ ጨዋታ ካበቃ ቆይቷል። ጎግል በኖቬምበር 2003 ባደረገው ትልቅ ለውጥ ብዙ ቃል ደጋጋሚ ገጾች በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረዱ። በ2009 ደግሞ የገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚገባውን የኪወርድ ዝርዝር፣ ሜታ ኪወርድ የሚባለውን፣ ለደረጃ ጨርሶ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። «መቶ ኪወርድ እናስገባላችኋለን» የሚሏችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስገቡት እዚያች ማንም የማያያት ቦታ ውስጥ ነው። ክፈሉ አልልም፣ አትክፈሉም አልልም፤ የት እንደሚያስገቡት ግን ጠይቋቸው።

ዛሬ ቃል እየደጋገሙ መሙላት ጎግል ካወጣቸው የአይፈለጌ (ስፓም) ሕጎች ውስጥ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ነው። «ምጣድ ከፈለጉ ምርጥ ምጣድ በምጣድ ዋጋ ከምጣድ ሱቃችን ምጣድ ይግዙ» የሚል ገጽ ለሮቦቱም ለሰውም አይጥምም። በመቶኛ የሚሰላ ትክክለኛ መጠን አለ የሚሉም አሉ፤ ከመቶ ቃል ሁለቱ፣ ሦስቱ ምናምን እያሉ። የጎግል ሰዎች እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሌለ ደጋግመው ተናግረዋል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጆሮ ከሰለቸው በዝቷል።

ማሽኑም ድሮ እንደነበረው አይደለም። በ2019 ጎግል በርት የተባለ ቋንቋ የሚረዳ ስልት ሲያስገባ የሰጠው ምሳሌ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ከብራዚል ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ተጓዥ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት መፈለጊያው «ብራዚል»፣ «አሜሪካ»፣ «ቪዛ» የሚሉትን ቃላት ለቅሞ፣ ከአሜሪካ ወደ ብራዚል ለሚሄዱ የተጻፈ ገጽ ያመጣ ነበር። ቃሉ ሁሉ አለ፣ መልሱ ግን የተገላቢጦሽ። አዲሱ ስልት «ወደ» የምትለዋን ትንሽ ነገር ማየት ቻለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ70 በላይ ወደሚሆኑ ቋንቋዎች ሲስፋፋ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ።

ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ በምን አውቃለሁ?

በጣም ቅርቡ ምንጭ ኢንቦክሳችሁ ነው። እውነቴን ነው። ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ኮሜንት ላይ፣ በስልክ የሚጠይቋችሁን ነገር ቃል በቃል መዝግቡ። «ምጣዱ መብራት ይበላል?»፣ «አንድ ጎኑ አይበስልም፣ ምን ላርግ?»፣ «እንጀራው ዓይን አላወጣልኝም»፣ «ሬዚስታንሱ ለብቻው ይሸጣል?» ይላሉ። እነዚህን ቃላት ካታሎግ ላይ አታገኟቸውም። ሰው አፍ ላይ ያሉት ግን እነሱ ናቸው፣ ስልኩ ላይም የሚጽፈው እነሱኑ ነው።

ቀጥሎ ጎግልን ራሱን ጠይቁት። «ምጣድ» ብላችሁ ጻፉና ሳትልኩት ቆም በሉ፤ ከሥሩ የሚዘረዘሩት ሐሳቦች ሌሎች ሰዎች ከፈለጓቸው ነገሮች የመጡ ናቸው። ፈልጋችሁ ስትጨርሱም ከውጤቶቹ መሀልና ግርጌ ተዛማጅ ጥያቄዎች ሊወጡ ይችላሉ። ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

ጎግል ትሬንድስ የሚባልም አለ፣ የአንድ ቃል ፍለጋ በጊዜ እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ያሳያል። ጎግል ላይ ማስታወቂያ ለሚያስነግሩ የተሠራ፣ አንድ ቃል በወር ስንት ጊዜ ያህል እንደሚፈለግ የሚገምት ኪወርድ ፕላነር የሚባልም አለ። ለአማርኛ ቃላት ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ በቂ መረጃ የለም ይሏችኋል። ተስፋ አትቁረጡ። መረጃ የለም ማለት ፈላጊ የለም ማለት አይደለም። ጎግል ራሱ እንደሚለው በየቀኑ ከሚመጡለት ጥያቄዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋቸው የማያውቁ አዳዲሶች ናቸው።

ለዚህም ነው ረጃጅሞቹን መናቅ ኪሳራ የሚሆነው። «ምጣድ» ለሚለው አንድ ቃል ከፊት ለመውጣት ትልልቅ የገበያ ሳይቶችን መግጠም አለባችሁ። «በ110 ቮልት የሚሠራ የእንጀራ ምጣድ» ለሚለው ግን ተፎካካሪ ጥቂት ነው። ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፈው? ሜሪላንድ ወይ ዳላስ ያለ ሐበሻ ነው። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ ሰው በልማድ 110 ይለዋል፤ የእኛ 220 ነው። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ የሚላክለት ምጣድ እዚያ እንደማይሆንለት ያውቃል፣ የሚፈልገውን ለይቷል፣ ካርዱንም አውጥቷል። እንዲህ ብለው የሚፈልጉት ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሊገዙ ነው የመጡት።

አንድ ዓይነት ቃል ጽፎ ሌላ የሚፈልግ ሰው የለም?

ሞልቷል። አንድሬ ብሮደር የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ2002 ባወጣው ጥናት የሰውን ፍለጋ ለሦስት ከፍሎት ነበር፣ እስካሁንም ይሠራበታል። አንዱ መረጃ ፈላጊ ነው፣ «አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል» ይላል። ሁለተኛው የሚሄድበትን የሚያውቅ ነው፣ የሱቁን ስም ጽፎ በቀጥታ መግባት ነው የሚፈልገው። ሦስተኛው አንድ ነገር ሊያደርግ የመጣ ነው፤ ሊገዛ፣ ሊያወርድ፣ ሊመዘገብ።

የሚያሟሽ ሰው ገጻችሁን ሲከፍት ዋጋና «አሁኑኑ ይዘዙ» ብቻ ካየ ተመልሶ ይወጣል። እሱ የመጣው የጎመን ዘሩን መቼ እንደሚያደርግ፣ ምን ያህል እንደሚያግለው ሊያውቅ ነው። ዋጋ የጠየቀውን ደግሞ ስለ ምጣድ ታሪክ ሦስት አንቀጽ አታስነብቡት። ዋጋውን አሳዩት፣ ይሂድ ወይ ይግዛ። ሁለቱም «ምጣድ» ብለዋል፣ የሚያስፈልጋቸው ግን ሁለት ገጽ ነው።

ገጹ ላይ የት የት ይግባ?

መጀመሪያ ርዕሱ ላይ። የገጹ ርዕስ ማለት ጎግል ላይ በሰማያዊ የሚታየው፣ ሰው የሚጫነው ጽሑፍ ነው። «መነሻ ገጽ» ወይም የድርጅቱ ስም ብቻ ከሆነ ዋናውን ቦታ ባዶ ጥላችሁታል። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ፦ ለ220 እና ለ110 ቮልት» ቢል ሰውም ሮቦቱም ይረዳዋል። ዋናውን ቃል ወደ ፊት አምጡት፣ ረጅም ከሆነ መጨረሻው ይቆረጣልና። ጎግል ርዕሳችሁ ገጹን በደንብ አይገልጽም ብሎ ካሰበ በራሱ ይቀይረዋል፣ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ገጹ ውስጥ ያለው ትልቁ አርእስት፣ ከዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ከዚያ ንዑስ አርእስቶች። እዚህ ላይ ቃሉን በግድ መትከል አያስፈልግም። ስለ ምጣድ በትክክል ከጻፋችሁ ማሟሸት፣ አክንባሎ፣ ሬዚስታንስ፣ ሊጥ፣ ማሰሻ የሚሉት በራሳቸው ይመጣሉ፤ ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለማሽኑ የሚነግሩት እነሱ ጭምር ናቸው።

ከርዕሱ ሥር በአጭሩ የሚታየው መግለጫ፣ ሜታ ዲስክሪፕሽን የሚሉት፣ ደረጃ አይጨምርም። ጎግል ይህንንም በ2009 ተናግሯል። ግን ሰው ልጫን ወይስ ልለፍ የሚለውን እሱን አይቶ ነውና አንድ ሁለት ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል።

ሊንክ ላይ «እዚህ ይጫኑ» አትበሉ። «የምጣድ ዋጋ ዝርዝር» ብላችሁ ቃሉን ራሱን ሊንክ አድርጉት። ጎግል ማፕ ላይ ያለው የድርጅታችሁ ስም ግን በር ላይ የተሰቀለው ስም ራሱ ይሁን። «አበበ ምጣድ ምርጥ ቅናሽ ምጣድ አዲስ አበባ» ብሎ ማስረዘም ሕጉን መጣስ ነው፣ ገጻችሁን ሊያሳግድም ይችላል።

አማርኛ ሲሆን ምን የተለየ ነገር አለ?

ዋናው ጣጣ ፎቶ ነው። እኛ አገር ዋጋው፣ አድራሻው፣ የዕቃው ስም፣ ሁሉም ነገር ግራፊክስ ዲዛይነር ጋ ሄዶ ፖስተር ሆኖ ይመጣና እንዳለ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ለዓይን ያምራል፣ ለፍለጋ ግን ከባዶ ብዙም አይሻልም። ጎግል ራሱ አስፈላጊ ጽሑፍ ምስል ውስጥ አታስገቡ ይላል። ፖስተሩ ይቀመጥ፣ ችግር የለም። ከሥሩ ግን ያንኑ ነገር በጽሑፍ ድገሙት፣ ለምስሉም አጭር መግለጫ ስጡት፤ ይህች መግለጫ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው እንዲያነብላቸው ተብሎ የመጣች ነች፣ ለፍለጋም ትጠቅማለች።

የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የሚሠራባቸው ፎንቶች ከላይ አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ከሥር የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነበሩ። እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ሳይታችሁ ላይ ካለ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ ጎግልም የሚያነበው ያንኑ ነው።

ፊደል ላይ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓይን» እና «አይን» ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። መፈለጊያው አንድ አድርጎ ማየቱን ለእናንተ ቃል ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሁለቱንም ጽፎ ውጤቱን ማወዳደር ነው። ውጤቱ ከተለያየ፣ ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አድርጉ፣ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ ከተመቸ አንድ ቦታ አስገቡት። ሰዋስው የሚያውቅ ዘመድ ይቆጣ ይሆናል። ገዢው ግን «የጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፣ ምን ይደረግ።

አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈውም ቀላል ቁጥር አይደለም፣ በተለይ ውጭ ያለው። ለዚህ ሰው የገጹ አድራሻ ጥሩ ቦታ ነው። አድራሻውን በግዕዝ ፊደል ብታደርጉት ጎግል ያነበዋል፣ ክልክል አይደለም። ግን አንዷ ፊደል ለኢንተርኔት ስትገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። «ምጣድ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ለሰው ስትልኩ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ 27 ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንደዚያ ያለ ሊንክ ያየ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ይሸሻል። በእንግሊዝኛ ፊደል አጠር አድርጎ መጻፉ ሁለቱንም ይገላግላል።

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ልሥራ?

አይ። «ምጣድ በቦሌ»፣ «ምጣድ በሳሪስ»፣ «ምጣድ በመገናኛ» ብላችሁ የሰፈሩን ስም ብቻ የቀየራችሁባቸው ገጾች ብትደረድሩ ጎግል እንደ ማጭበርበሪያ ይቆጥራቸዋል። ቦሌ እውነት ቅርንጫፍ ካላችሁ፣ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ ስልክ፣ የራሱ የሥራ ሰዓት ካለው ግን ገጽ ይገባዋል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተመሳሳይ ገጽ ካላችሁም እርስ በርስ ይሻማሉና አንድ አድርጓቸው።

ሰው አሁን ኤአይ እየጠየቀ አይደል?

እየጠየቀ ነው። ጎግልም ከ2024 ጀምሮ ከውጤቶቹ በላይ በኤአይ የተጻፈ መልስ ማሳየት ጀምሯል፣ በዚህም የተነሳ ሊንክ ሳይጫን የሚሄድ ሰው አለ። መልሱ የሚቀዳው ግን ከገጾች ነው። ጥያቄውን በሰው ቋንቋ ያነሳና ቀጥ ያለ መልስ የሰጠ ገጽ ለሁለቱም ይሆናል።

ሠርቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ሳይቱ የእናንተ መሆኑን አረጋግጣችሁ ትገባላችሁ። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንቱ እንደተጫነ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደነበራችሁ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያችኋል። ብዙ ታይቶ ጥቂት የተጫነ ጥያቄ ካለ ርዕሱን ከልሱት። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ታገሡ፣ በማግስቱ ለውጥ አትጠብቁ።

ዝርዝሩን ሁልጊዜ እስከ ታች ድረስ አንብቡት። እንበልና ታችኛው ላይ «አክንባሎ ለብቻው ዋጋ» የሚል አገኛችሁ፤ ከሥሩ ደግሞ «አክምባሎ»፣ ከሥሩ «አከንባሎ»። ክዳኑ የተሰበረበት ሰው ነው፣ ምጣድ አይፈልግም። እናንተ ጋ ክዳን ለብቻው አለ፣ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፣ ሳይቱ ላይ ግን አልተጻፈም። ቀጣዩ ገጻችሁ እሱ ነው፤ ዋጋውን፣ ስፋቱን በሴንቲሜትር፣ ለየትኛው ምጣድ እንደሚገጥም ጻፉበት።